ከዶሮው ወጥ በኋላ፦ ለበዓለ ልደት ማዕድ ቀለል ያለ ማወራረጃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ማዕድ ነው። ርእሱን ስታዩ አንዳንዶቻችሁ «ይህማ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው፤ ለእናቶች ይተው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የምንበላውና የምንጠጣው ሁሉ ለእግዚአብሔር ክብር መሆን እንዳለበት ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 አስተምሮናል። ስለዚህ የበዓል ማዕዳችን እንዴት እንደሚጀመር ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚፈጸምም ማሰብ ከክርስቲያን ወጣት የሚጠበቅ ነገር ነው።

የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። በገና ዕለት ዶሮው ወጥ ከተበላ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከቀረበ፣ ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ በማዕዱ ላይ ምን ይቅረብ? በከተማ ከጥቂት ዘመን ወዲህ የተለመደው መልስ የክሬም ኬክና ለስላሳ መጠጥ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ መልስ እንዳለ፣ መልሱም ከአገራችን ገበያና ከአባቶቻችን ቤት እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሀ. ጾሙና ፍስኩ

እንደሚታወቀው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ልደትም ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል ጾሙም ኅዳር 14 ቀን ይጀምራል። በሁለቱም መንገድ ብንቆጥረው 44 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም 40ው የነቢያት ጾም፣ 3ቱ አብርሃም ሶርያዊ ስለ ተራራው መፍለስ ከምእመናን ጋር የጾመው፣ 1ዱ ደግሞ ገሃድ ነው።

በእነዚህ ቀናት ሁሉ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተለይተን በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመንና በተልባ እንቆያለን። ሆዳችንም ይህን ይለምዳል። ከዚያ በአንዲት ሌሊት፣ ሌሊቱን በቅዳሴ ቆመን ወጥተን፣ ንጋት ላይ ቅቤ የጠለቀበት ወጥ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ጥብስ፣ አንዳንዴም ጥሬ ሥጋ በአንድ ጊዜ ይቀርብልናል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ በበዓሉ ማግሥት «ሆዴ ተነፋ፣ ደረቴን አቃጠለኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ከእንዲህ ያለው ማዕድ በኋላ ብርቱ ሕመም ሊነሣበት ይችላል።

በዚህ ላይ ክሬምና ስኳር የተጫነበት ኬክ ሲጨመር በቅባት ላይ ቅባት፣ በክብደት ላይ ክብደት መጨመር ነው። ሰውነት በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ግን ውኃ ያለው፣ ጎምዘዝ ያለ፣ አፍን የሚያጥብና ልብን የሚያነቃ ነገር ነው። ማወራረጃ የሚለው ቃላችን ራሱ ይህንኑ ይነግረናል፤ የተበላውን የሚያወርድ እንጂ በላዩ የሚከምር አይደለም።

ለ. ከጥንት ምን ነበረን?

በአገራችን የማዕድ ሥርዓት ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ራሱን የቻለ ተራ አልነበረውም። እጅ ከታጠበ በኋላ ቡናው ይፈላል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ፈንዲሻው ወይም ቆሎው ይቀርባል። ጠጁ ወይም ጠላው ይቀዳል። መጠጥ ለማይጠጡ፣ ለሕፃናትና ለእንግዳ ካህናት ደግሞ ብርዝ ይዘጋጃል። ብርዝ ማለት ማር በውኃ ተበጥብጦ ጌሾ ሳይገባበትና ሳይፈላ የሚጠጣ ነው።

በብዙ ቤት ጾም ሲፈታ ሥጋ ከመቅመሱ በፊት ተልባ መጠጣትም የቆየ ልማድ ነው፤ እናቶች «አንጀት ያለሰልሳል» ይሉታል። ይህ አነጋገር ከንቱ አይደለም። ተልባ ውኃ ሲያገኝ እንደ ልጋግ የሚሆን አሰር አለው፤ ይህም አሰር አንጀትን ያለሰልሳል፣ ድርቀትንም ይከላከላል።

የክሬም ኬክ ግን ከከተማ ኬክ ቤቶች ጋር የመጣ ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ለገና የሚሸጠው ዘቢብ ያለበት ረዥሙ ዳቦ፣ ፓኔቶኒ የሚባለው፣ ከጣልያን አገር የተገኘ ነው። የውጭ በመሆኑ ብቻ አንነቅፈውም፤ ስንዴውም ስኳሩም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። የምንለው፣ ለሌላ ማዕድ የተሠራውን ጣፋጭ ከዶሮ ወጥ በኋላ ስናቀርበው ቦታውን አያገኝም ነው። በእኛ ወጥ ውስጥ በርበሬው፣ ሽንኩርቱና ቅቤው በቂ ክብደት አላቸው።

ሐ. ስለ ስኳር ጥቂት ቁጥር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከስኳር የሚያገኘው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ መክሯል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 10 በመቶው ወደ 50 ግራም፣ ማለትም ወደ 12 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፤ 5 በመቶው 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ነው። በዚህ ሒሳብ የሚገባው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ማርም፣ የተጨመቀ ጭማቂም ነው። ሙሉው ፍሬ ሲበላ ግን አይቆጠርም።

እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። አንድ ልጅ በገና ዕለት ሁለት ጠርሙስ ቢጠጣ ኬኩን ሳይጨምር 16 የሻይ ማንኪያ ወሰደ ማለት ነው። ይህን ያህል ስኳር በሻይ ውስጥ ጨምረን ለልጁ ብንሰጠው እናት አትፈቅድም፤ በጠርሙስ ሲመጣ ግን አይታየንም።

ፍሬው ለምን ከሒሳቡ ውጭ ሆነ? ምክንያቱ አሰሩ ነው። ብርቱካን ስንበላ ስኳሩ ከአሰሩ ጋር ተይዞ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ስንበላም እንጠግባለን። የአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ግን የሦስት ወይም የአራት ብርቱካን ስኳር ያለ አሰሩ ይዞ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ስለዚህ በጁስ ቤት የምንወደው ስፕሪስ እንኳ፣ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርቦ ሽሮፕ ሲጨመርበት፣ ራሱን የቻለ ምግብ እንጂ ማወራረጃ አይደለም።

መ. ከየአገሩ የሚገኝ ፍሬ

እግዚአብሔር አገራችንን በደጋና በቆላ ከፍሎ ሲፈጥራት የፍሬ ድሃ አላደረጋትም። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመርቲና በኑራ ኤራ፣ ብርቱካን ይለማል። አርባ ምንጭ በሙዟ የታወቀች ናት። አሶሳ የማንጎ አገር ናት። ፓፓያው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ አቮካዶው ከሲዳማና ከወላይታ ወደ ገበያ ይመጣል።

ሁሉም ግን በገና ጊዜ እኩል አይገኝም። በለስ የክረምት ፍሬ ነው፤ በታኅሣሥ አንጠብቀውም። የማንጎ ዋና ወቅትም ሚያዝያና ግንቦት ገደማ ስለሆነ በገና ሰሞን የሚገኘው ጥቂትና ውድ ሊሆን ይችላል። ሙዝና ፓፓያ ዓመቱን ሙሉ ይገኛሉ። ስለዚህ የገናን ማወራረጃ የምናቅደው በብርቱካን፣ በመንደሪን፣ በሙዝ፣ በፓፓያ፣ በአናናስና በሎሚ ላይ ተመሥርተን ቢሆን ይሻላል።

ከአገር ውጭ ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህ አያስቸግርም። በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቱካንና መንደሪን የሚደርሱት በብርዱ ወራት ነው፤ ስለዚህ ልደትን በጃንዋሪ 7 ሲያከብሩ በየሱቁ ያገኙታል። በዐረብ አገሮች በሥራ ላይ ያሉትም ተምር በደጃቸው አለ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ተምር ከተላጠ ብርቱካን ጋር ግሩም ማወራረጃ ነው።

ብርቱካንና ሎሚ ለጤና ያላቸውን ጥቅም ለመረዳት ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ድዳቸው የሚደማና ሰውነታቸው የደከመ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ለየጥንዱ የተለያየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው አገገሙ። ዛሬ ምክንያቱ ቪታሚን ሲ መሆኑ ይታወቃል። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 70 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲ አለው። ይኸው ቪታሚን በጤፍ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደኅና እንዲወስደው ይረዳል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ ጥርጣሬ እናንሣ። «ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ ከተበላ በሆድ ውስጥ ይበሰብሳል» የሚል ወሬ ብዙዎች ይሰማሉ። ይህ እውነት አይደለም። በጨጓራችን ያለው አሲድ ብርቱ ስለሆነ ፍሬው ከወጡ ጋር ተፈጭቶ ያልፋል እንጂ አይበሰብስም። ጨጓራው የታመመ ሰው ጎምዛዛ ፍሬ ሊያቃጥለው ይችላል፤ እንዲህ ላለው ሰው ፓፓያና ሙዝ ይስማማዋል።

ሠ. አዘገጃጀት

ከዚህ በታች ስድስት ዓይነት አቅርበናል። ሁሉም በማንኛውም ቤት ባለ ዕቃ፣ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ ይሠራሉ። አብዛኞቹም ወጥ ለመሥራት ገና ልምድ የሌለው ወጣት ወንድም ሆነ ሴት ሊሠራቸው የሚችል ናቸው።

1ኛ. የፍሬ ቅልቅል (ለ10 ሰው)። አንድ መካከለኛ ፓፓያ፣ አንድ አናናስ፣ አራት ሙዝ፣ አምስት ብርቱካንና ሁለት ሎሚ ይዘጋጃል። ፍሬው ሁሉ ከመላጡ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ቢላዋው ልጣጩን ሲቆርጥ በላዩ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና። ፓፓያው፣ አናናሱና አራቱ ብርቱካን ተልጠው በትንንሹ ይቆረጣሉ። አምስተኛው ብርቱካንና ሁለቱ ሎሚ በላዩ ይጨመቃሉ። ሙዙ መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ሲል ይቆረጣል፤ ቀድሞ ከተቆረጠ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የሎሚው ጭማቂ ግን መጥቆሩን ያዘገየዋል። ስኳር አይጨመርም፤ የበሰለው ፓፓያና ሙዝ በቂ ጣዕም አላቸው።

2ኛ. ብርቱካን በቀረፋ (ለ8 ሰው)። ስምንት ብርቱካን ከነጩ ልጣጭ ጭምር በቢላዋ ይላጣል፤ ነጩ ከቀረ ይመራል። ከዚያ በክብ በክቡ ተቆርጦ በሰፊ ሳሕን ላይ ይደረደራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በአንድ ሎሚ ጭማቂ ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ በጣት ጫፍ የሚያዝ የተፈጨ ቀረፋ ይነሰነስበታል። በቀዝቃዛ ቦታ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ይቀርባል። መልኩ የሚያምር፣ ሽታውም ቤቱን የሚሞላ ስለሆነ እንግዳ ባለበት ቤት ያኮራል።

3ኛ. እርጎ በፓፓያ (ለ8 ሰው)። ወተት ከ44 ቀን በኋላ የተፈታ ስለሆነ በማወራረጃው ውስጥ ቢገባ ደስ ይላል። አንድ ሊትር ወተት በደንብ ይፈላል። ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ሌላም በሽታ ከላም ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል ይህን መዝለል አይገባም። ለብ ሲል፣ ጣት ሲነከርበት የማያቃጥል ሲሆን፣ ሁለት ማንኪያ ጥሩ እርጎ እንደ እርሾ ይጨመርበትና ይቀሰቀሳል። ተከድኖና በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞቅ ባለ ቦታ ያድራል። በማግሥቱ በትንንሽ ብርጭቆ ተቀድቶ በላዩ የተከተፈ ፓፓያ ይደረግበታል። ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ከበቂ በላይ ነው።

4ኛ. ብርዝ (ለ12 ሰው ያህል)። አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ማር በ12 ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ጥቂት የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ሲገባበት ይበልጥ ያረካል። የተዘጋጀበት ዕለት መጠጣት አለበት፤ ካደረና ከሰነበተ መፍላት ይጀምራል፣ ብርዝነቱም ይቀራል። ማርም ቢሆን ስኳር ነውና በዚህ ልክ የተበጠበጠ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ወደ 5 የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ይይዛል። ከለስላሳው ያነሰ ቢሆንም በትንሽ ብርጭቆ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳ። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 25 ማር ያገኘ ሰው ልኩን እንዲያውቅ ይመክራል።

5ኛ. ተልባ በማር። አንድ የቡና ሲኒ ተልባ ተለቅሞ በመጥበሻ ላይ መንጣጣት እስኪጀምር ቀለል ተደርጎ ይቆላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ይወቀጣል፣ ይነፋል። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጥና ጥቂት እስኪረጋ ይቆያል፤ ከላዩ ቀስ ተብሎ ይቀዳል፤ ጥቂት ማር ይገባበታል። ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የተወቀጠው ተልባ ዕለቱን ይጠጣ። ከማዕዱ በፊትም ሆነ በኋላ ይሆናል።

6ኛ. የጦስኝና የዝንጅብል ሻይ። የደጋ ሰዎች ጦስኝን ያውቁታል። ጥቂት ጦስኝ ከተቆራረጠ ዝንጅብል ጋር አንድ ጊዜ ገንፈል እስኪል ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ሎሚ ይጨመርበታል። ሌሊቱን በቅዳሴ ቆመው ለመጡ አረጋውያን፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ከቀዝቃዛ መጠጥ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ቡናውስ? ቡናችንን አንተውም። ነገር ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳሉ። በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ደም ላነሳቸው ሰዎች በመጀመሪያ ፍሬው ቢቀርብ፣ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢፈላ መልካም ነው። ጨዋታውም በዚያው ይረዝማል።

ረ. ጥንቃቄ

ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሐዋሲ ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሙሉ ፍሬ በመጠኑ ሊበላ ይችላል፤ ጭማቂው፣ ብርዙና ማሩ ግን ይቅርበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሙዝና ብርቱካን በብዛት እንዳይበላ ሐኪሙ ከልክሎት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ ከአንዳንድ የደም ግፊትና የደም ቅባት መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ መድኃኒት ለሚወስዱ አረጋውያን ባናቀርብ ይሻላል። የተቆረጠ ፍሬ ሳይከደን ውሎ ዝንብ ካረፈበት ከኬኩ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ስለሆነም ከመቅረቡ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቆረጥ፣ ይከደንም።

ሰ. ለማን እናስብ?

አሁን ወደ ትምህርቱ ልብ እንመጣለን። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ገና መርሐ ግብር ስንወያይ በማዕዱ ላይ ሁለት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን «ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ኬክ ይጠብቃሉ፤ ኬኩን ማስቀረት ጾሙን ማራዘም ነው፤ በዓል ደግሞ ደስታ ነው» አለ። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። ነህምያ በምዕራፍ 8 ሕዝቡ በበዓል ቀን የሰባውን እንዲበሉ፣ ጣፋጩንም እንዲጠጡ መንገሩን እናነባለን፤ ሐዘን በዚያ ቀን አይገባም ነበር።

ሌላው ወገን ግን ከዚያው ከነህምያ ምዕራፍ የሚከተለውን አስታወሰ፤ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ዕድል ፈንታ እንዲላክላቸው ታዝዞ ነበር። ከዚያም በየዓመቱ ከቅዳሴ በኋላ ከእኛ ጋር የሚቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኬኩ ሲቆረጥ «አይ ልጆቼ፣ እኔ ጠግቤአለሁ» ይላሉ፤ ለስላሳው ሲከፈት «ውኃ ይበቃኛል» ይላሉ። ሁሉም ሲበላ እርሳቸው እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ አድርገው ይቀመጣሉ። ጠግበው አልነበረም። የበዓሉን አስደሳች ክፍል እርሳቸው በማይካፈሉበት ነገር ስለሠራነው ነው። እንደ እርሳቸው ያሉት በየቤታችን፣ አያቶቻችንም ጭምር፣ ብዙ ናቸው።

ውይይቱ የተፈጸመው በዚህ ነው፤ ኬኩ ለልጆቹ በትንንሹ ተቆርጦ ይቅረብ፤ ከእርሱ በፊት ግን ለሁሉም የፍሬው ሳሕን ይዙር፣ መጀመሪያም ለአረጋውያን ይቅረብ። የለስላሳው ሣጥን ይቀነስና በገንዘቡ ብርቱካንና ሙዝ ይገዛ። ከተረፈውም በቤታቸው ለቀሩ ሕመምተኞች በሰሐን ተከድኖ ይላክ። ብርቱካን ሳይቆረጥ ሲላክ የሚያድር፣ የማይፈስ፣ የማይበላሽ ስለሆነ ለዚህ አገልግሎት እንደ ተፈጠረ ነው። ጌታችን በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግብዣ ስናደርግ መልሰው ሊጋብዙን የማይችሉትን እንድንጠራ ያዘዘውን በዚህ ትንሽ ነገር እንጀምረዋለን።

ሌላም የምናስብላቸው አሉ፤ እናቶቻችን ናቸው። የዶሮውን ብልት 12 አድርገው ገንጥለው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው፣ ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ አምሽተው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ ከዚያም ለቅዳሴ ተነሥተው የሄዱ እነርሱ ናቸው። በዚህ ሁሉ ላይ ማወራረጃውንም ሥሩልን ማለት አይገባም። ፍሬ ማጠብ፣ መላጥና መቁረጥ የእኛ የወጣቶች ድርሻ ይሁን። ወንድሞችም «የሴት ሥራ ነው» ብለው እንዳያፈገፍጉ፤ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ እንዲህ ያለ ልዩነት አላደረገም።

ዋጋውንም ማነጻጸር ይገባል። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድሞ ሁለት አባላት ወደ ገበያ ይሂዱና ለ10 ሰው የሚበቃ ኬክና ለስላሳ ስንት እንደሚያወጣ፣ ለ10 ሰው የሚበቃ የፍሬ ቅልቅል ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉ። ዋጋው በየአካባቢውና በየዓመቱ ስለሚለያይ እኛ እዚህ ቁጥር አንጽፍም። ልዩነቱ ከተገኘ ለማን እንደሚውል ቀድሞ ይወሰን።

ሸ. የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጾመ ነቢያት ስንት ቀን ነው? እንዴትስ ይከፈላል?
2. ሙሉ ብርቱካንና የብርቱካን ጭማቂ ለሰውነት ያላቸው ልዩነት ምንድር ነው?
3. በቤታችሁ በገና ዕለት ለጤናው ሲል ከማዕዱ የሚከለከል ሰው አለ? ለእርሱ ምን ታቀርባላችሁ?
4. በአካባቢያችሁ በታኅሣሥ ወር የሚገኙትን ፍሬዎች ዘርዝሩ። ከዚህ ጽሑፍ ያልጠቀስነው አለ?
5. ነህምያ ምዕራፍ 8ን እና ሉቃስ ምዕራፍ 14ን አንብባችሁ፣ የበዓል ደስታና ለድሃ ማሰብ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄዱ ተወያዩ።

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፤ ልደቱን የምናከብርለት ጌታ የተወለደው በከብቶች በረት ነው። ማዕዳችንን ስናቀል ክብሩን አንቀንስም። ጾሙን በትዕግሥት ከፈጸምን ፍስኩንም በልክ እንፈጽመው፤ ጠግበን ስንነሣ ሆዳችን ቀሎ፣ አእምሮአችን ነቅቶ፣ ጎረቤታችንም ተካፍሎ ይሁን። ከእናንተ መካከል ከእነዚህ ስድስት ዓይነቶች አንዱን በቤቱ የሠራ፣ ወይም ከአያቱ ሌላ ዓይነት የተማረ ቢኖር ጽፎ ለትምህርት ክፍል ይስጠን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።